ጉሬዛዎቹን ለማሻገር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራሽ ምን ነበር የሚለኝ ሰው በዝቷል። ድሮ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስኖር ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀኝ ነበር፤ ጭቃ የጠገበ ቦቲዬን አይቶ ከየት እንደመጣሁ የሚጠይቀኝ አልነበረም። አሁን ያለሁት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እዚህ ሰው የሚተዋወቀው ደረጃ ላይ ነው። ባለፈው ከታች ፎቅ ያለችው የባንክ ሠራተኛ የውኃ ጀሪካኔን ተቀብላኝ እየወጣች ጠየቀችኝና "ጉሬዛ እጠብቅ ነበር" አልኳት። ሳቀች። "ከማን ነው የሚጠበቁት ደግሞ፣ ማዘር? ከነብር?" አለችኝ። "ከደግ ሰው" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ይበልጥ ሳቀች፤ ጀሪካኑን በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ወረደች።

አልቀለድኩም። በኔ ጊዜ እዚያ ተረተር ላይ ነብር አይቼ አላውቅም። ጅብ ዛፍ አይወጣም። አዳኝም ከኔ በፊት ነው የቀረው። የኔ ጉሬዛዎች ያለቁት በሚወዷቸው ሰዎች መካከል ነው፤ ይህንን ጀሪካን ለያዘች ልጅ ደረጃ ላይ ቆሜ ላስረዳት ስላልቻልኩ ተቀምጬ ልጽፈው ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በታይፒስትነት ነው። መንግሥት ሲለወጥ የነበርኩበት የደን መሥሪያ ቤት ፈርሶ እንደገና ተዋቀረ፤ በአዲሱ መዋቅር ውስጥ የኔ ወንበር አልነበረም። አዲሱ ኃላፊ ጠርቶኝ "መስክ ትወጫለሽ ወይስ ቤትሽ ትገቢያለሽ?" አለኝ። ልጆች ይዤ ቤቴ ገብቼ ምን ልሠራ? መስክ አልኩ። ደሞዙ ያው ነው፣ ቦቲ ብቻ ተጨመረልኝ፤ እሱም የወንድ ቁጥር ስለነበር ካልሲ ደራርቤ ነው የማደርገው። የመጀመሪያውን ቀን ግን ቦቲው ገና ከስቶር ስላልወጣ በቢሮ ጫማዬ፣ ተረከዝ ባለው፣ ነው ተራራ የወጣሁት።

የተመደብኩት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በስተ ምሥራቅ ወደ የካ በሚወርደው ተረተር ላይ ነው። እዚያ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሰዎቿ ክፉዎች ስላልሆኑ ስሟን አልጠራም። ቅጥሯ በአሮጌ ጽድ የተከበበ ነው፤ አልፎ አልፎ ወይራም አለበት። ከቅጥሯ በታች ምንጭ ያለበት ሸለቆ አለ፤ እሱ ደግሞ ኮሶና ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ የሞላበት ነው። የቀረው ተራራ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ጉሬዛዎቹ በጽዶቹ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት በዛፍ ጫፍ ለጫፍ ተሻግረው ሸለቆ ውስጥ ይበላሉ፣ ማታ በመጡበት ይመለሳሉ። ሥራዬ እነሱን መጠበቅና ያየሁትን በየወሩ ሪፖርት ማድረግ ነበር፤ ሪፖርቱን ማን እንደሚያነበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ከወታደር ካፖርታቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ጉሬዛ አዳኝ ነበሩ፤ ያኔ ቆዳው እየተሰፋ ምንጣፍ ሆኖ ፒያሳ ለፈረንጅ ይሸጥ ነበር። ይህን ያነሱልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። "አስካለ፣ እኔ ፊታቸውን አጥርቼ ያየሁት ቆዳቸውን ስገፍፍ ኖሬ ኖሬ ነው" አሉኝ። ለምን እንደተዉት ጠየቅኳቸው። "አንዷ በጥይት ተመትታ ከመውደቋ በፊት ልጇን ለጓደኛዋ አቀበለቻት" አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም።

እሳቸው ደን ሲገቡ ወደ ላይ አያዩም፤ መጀመሪያ መሬቱን ነው የሚያዩት። የረገፈው ቅጠል ለጋ ነው ያረጀ? ተነክሶ ነው የወደቀው ወይስ ነፋስ ጥሎት? ከጉሬዛዎቹ ሆድ የወጣውን በስንጥር ሰብረው ያሸቱና "ትናንት ሸለቆ አልወረዱም፣ ጽድ ነው የበሉት፤ ምን አስፈርቷቸው ይሆን?" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና የሚሉት። ጣታቸውን ቀስረው እንስሳ አያሳዩም፤ ጠመንጃ ይመስላቸዋል ይላሉ፤ በአገጫቸው ነው የሚጠቁሙት። እኔም ይህ ልማድ ተጋብቶብኝ እስከ አሁን ገበያ ላይ ሽንኩርት በአገጬ እያሳየሁ ሰው ይስቅብኛል።

ምሳቸውን ከደኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይበሉና እጃቸውን ታጥበው፣ ካፖርታቸውን አራግፈው ነው የሚገቡት። በመጀመሪያው ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ አይተው ከመንገድ መለሱኝ።

"ፍርፋሪ ደን አይገባም" አሉኝ።

"ምን ያመጣል ጋሼ? ፍርፋሪ እኮ ነው" አልኩ፤ ተረከዜ ቆስሎ ስለነበር ተናድጄ ነው።

"ላም ስንዴ ክምር ላይ ወጥታ ስትነፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? የነዚህም ሆድ እንደዚያው ነው። ቅጠሉን እያቦካ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ሆድ ነው። ዱቄት ሲገባበት ይገነፍላል። ይጣፍጣቸዋል፣ ይበሉታል፣ ይሞታሉ።"

ጉሬዛ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል። የእንጦጦ ጠዋት ስለሚበርድ ፀሐይ እስክትጠነክር ከዛፉ አናት ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ ይበላሉ፣ ከዚያ የበሉት እስኪፈጭ ይጋደማሉ፤ ቀኑ በዚሁ ያልቃል። ጎህ ሲቀድ ግን ትልቁ ወንድ ያጓራል፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ አካል ይወጣል ብሎ የሚያምን የለም፤ ታች ፈረንሳይ ድረስ ይሰማል። ሲጠግቡ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያገሳሉ፤ ይህ በነሱ ዘንድ ሰላምታ ነው እንጂ ነውር አይደለም። ግልገላቸው ነጭ ሆኖ ነው የሚወለደው፤ ሴቶቹ ሁሉ እየተቀባበሉ ያቅፉታል።

ከሌላው እንስሳ ጋር የነበራቸው አኗኗር ነበር ሥራውን ያስወደደኝ። ጦጣዎች ከገበሬው ማሳ ድንች ሰርቀው ሲሸሹ የነሱ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ጉሬዛዎቹ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጧቸዋል። አንዲት ድኩላ ከሥራቸው ቆማ የሚጥሉትን ቅጠል ትለቅማለች፤ ወደ ሌላ ዛፍ ሲያልፉ እሷም አንገቷን አቅንታ ትከተላለች። ንስር ሲያንዣብብ ትልቁ ወንድ አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ለራሱ ወገን ያሰማውን ድኩላዋም ሰምታ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ከውሻ ጋር ግን ምንም ስምምነት የላቸውም። ጉሬዛ መሬት ላይ ሩጫ አያውቅበትም፤ እንደ ጥንቸል ይዘላል። የቤተ ክርስቲያኗ ውሾችም ይህን ያውቃሉ።

የአካባቢው ሰው መነኩሴ ነው የሚላቸው። ጥቁር ላይ ነጭ የደረቡ ስለሚመስሉ፣ ሥጋ ስለማይበሉ፣ መሬት ስለማይረግጡ። ጠበልተኛው ሲያገኘኝ "መናኞቹ ደኅና አደሩ?" ነው የሚለኝ። ይህ እምነት ለስንት ዘመን ጠብቋቸዋል፤ ድንጋይ የወረወረባቸው ልጅ ከናቱ ጥፊ ይቀምስ ነበር። እኔም እምነቱን አከብረው ነበር፤ አንድ ቀን ይጎዳናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ከአውስትራሊያ አንዲት የእንስሳት ሐኪም መጣች። ቢሮ ሰብስባ በላፕቶፗ ስለ ኮዋላ ፊልም አሳየችን። ድብ የሚመስል፣ ጆሮው ጥጥ የለበሰ፣ የባሕር ዛፍ ባላ ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ እንስሳ ነው። የሚበላው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ መርዝም ስላለበት፣ ኃይልም ስለማይሰጥ ቀኑን ሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ ይተኛል። ብቻውን ነው የሚኖረው። ወንዱ እንደ አሳማ ያንኮራፋል፤ ሁለት ወንዶች አንድ ዛፍ ላይ ከተገናኙ ይነካከሳሉ። ወፎች ለጎጆአቸው ከጀርባው ፀጉር ሲነጩ ዝም ይላቸዋል። እናቲቱ ግልገሏ ቅጠል ከመጀመሩ በፊት ከራሷ ሆድ የሚወጣ ለስላሳ ነገር ታበላዋለች፤ ያንን ካልበላ ቅጠሉን የሚፈጭ ሆድ አይኖረውም። ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሄድ መሬት ሲወርድ ደግሞ ውሻ ይገድለዋል።

"ዶክተር፣ ቅጠሉማ ሞልቶናል! ጥቂት ላኩልንና እንጦጦ ላይ እናርባ!" አለ የጊዜው ኃላፊያችን። ሁላችንም ሳቅን።

እሷም ስቃ "ይጠግቡ ነበር፤ ግን መንደር ውስጥ የማየውን ውሻ አይችሉትም" ብላ መለሰች።

ጋሽ ደምሴ ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን አውጥተው "ዛፉ ሲቆረጥበትስ?" ብለው በአስተርጓሚ ጠየቁ።

"ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል" አለች። "ዛፉ የነበረበት ቦታ መጥቶ መሬት ላይ ይቀመጣል።"

በማግሥቱ ይዘናት ወጣን። የባሕር ዛፉን ግንድ እንደ አገሯ ሰው ዳበሰችው፤ ቅጠሉን በጥፍሯ ቀድዳ አሸተተችና ዓይኗ ረጠበ። እኔ ግን ዙሪያዬን አይቼ ነደደኝ። ተራራው በሙሉ ቅጠል ነው፣ የሚበላው እንስሳ ግን ባሕር ማዶ ቀርቷል፤ የኛዎቹ በዚያ ሁሉ ቅጠል መካከል ያቺን ሸለቆ ነው የሚበሉት። አንዳንዴ የባሕር ዛፉን ልጥ ይልሱታል፤ ቅጠሉን ቀምሰው ይጥሉታል።

መንገዱ የመጣው ጋሽ ደምሴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ቢሮ ውስጥ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ገብቶ ሰው ሁሉ ግምገማ ላይ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። ሕዝቡ ለዓመታት የለመነው መንገድ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትወርድበት ተረተር ስለሆነ መንገዱን ልረግመው አልችልም። ግን ዶዘሩ በቤተ ክርስቲያኗና በሸለቆው መካከል ሲያልፍ ቆሜ አየሁት። ጫፋቸው ተነካክቶ የነበሩት ዛፎች ተለያዩ። ቀድሜ አመልክቼ ነበር፤ "ጉዳዩን ተመልክተነዋል" ተባልኩ። ዛፍ ሲገነደስ በነበረበት ጊዜ ጉሬዛዎቹ በድምፁ ፈርተው ጽዶቹ ላይ ተሰብስበው ነበር። ምግባቸው ማዶ፣ እነሱ ወዲህ ቀሩ።

መጀመሪያ ሰሞን ወርደው ለመሻገር ሞከሩ። ውሾቹ አንዱን እዚያው መንገዱ ላይ ያዙት። ከዚያ በኋላ ትልቁ ወንድ እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ ይመጣና ሸለቆውን እያየ ይቀመጣል፤ ሌሎቹም ከኋላው ይቀመጣሉ። ጽዱን መላጥ ጀመሩ። ፀጉራቸው ሳሳ። እያደር ወደ ታች ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወረዱ፤ ጠበልተኛው መናኞቹን የሰው ቁመት ላይ አገኛቸው።

ሰው ደግሞ አዘነላቸው። ማን ነው የማያዝን? ድፎ እየቆረሱ፣ በሶ እየጨበጡ ሰጧቸው። የስለት ዳቦ ይዘው ከሩቅ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ። አስተዳዳሪው አባ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ሄድኩ፤ ሽማግሌ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ካህን ናቸው።

"ልጄ፣ መናኝ ተርቦ ደጃችን ሲወርድ ባዶ እጁን መልሱት ነው የምትይኝ?" አሉኝ።

"ዳቦው ይገድላቸዋል አባ።"

"ስለ ኪዳነ ምሕረት የተቆረሰ ዳቦ ማንን ሲገድል አየሽ?"

"ሰው አይገድልም። እነሱ ሰው አይደሉም፣ አባ፤ ቅጠል በል እንስሳ ናቸው።"

"እሱን አንቺ ነሽ የምትይው" አሉና ፈገግ አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። በክፉ ሰው ላይ መጮህ እችልበታለሁ።

ሳይሰነብት አንዲት ወጣት ሴት ሆዷ ተነፍቶ ከጽዱ ሥር ወድቃ አገኘኋት። የወረዳውን እንስሳት ሐኪም አስመጥቼ አባ እያዩ አስከፈትኳት። ሆዷ ሲቀደድ የወጣው ሽታ የሰነበተ ሊጥ ሽታ ነው። ዳቦው ሳይፈጭ አረፋ ሆኖ ነበር። አባ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ጥቂት ቆሙና ሄዱ። በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው "ለጉሬዛዎቹ ዳቦ መስጠት ከዛሬ ጀምሮ ውግዝ ነው" አሉ። ሰው እሳቸው ቆመው እያዩ አይሰጥም። ዞር ሲሉ "ቁራሽ ምን ይጎዳል?" እያለ ይሰጣል።

ጋሽ ደምሴ በዚያው ሰሞን ታመው ጠበል ገቡ። ጉበት ነው አሉ፤ ሐኪም ቤቱ ወደ ቤትዎ ይሂዱ ብሎ ሸኝቷቸዋል። ካፖርታቸው ሰፍቷቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነው ያገኘኋቸው። አንድ ጠዋት ወደ ጽዶቹ ስወጣ ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው አሮጊቷ ጉሬዛ አለች፣ ከእጃቸው ዳቦ እየተቀበለች ትበላለች።

"ጋሼ!" አልኩ። "እርስዎ? እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሳያዩኝ።

"ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ፍርፋሪ ደን አይገባም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ። ዛሬም ብትጠይቂኝ ያንኑ ነው የምልሽ።" ቁራሹን ጨርሰው ሰጧትና እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉ። "ተመልከቻት፣ አስካለ። ጎኗ ይቆጠራል። ካልበላች ነገ ትሞታለች፣ ከበላች ከነገ ወዲያ ትሞታለች። የሰጠኋት አንድ ቀን ነው። እኔም እሱኑ የሚሰጠኝ ባገኝ አልጠላም።"

በሕይወቴ እንደዚያን ጠዋት የተቆጣሁበት ጊዜ የለም። አልቅሼም ነው የተቆጣሁት። "እንግዲያው ዳቦ አይስጧት፤ ቅጠል እኔ አመጣለሁ" አልኳቸው። "ማን ያመጣል? ለስንት ጊዜ?" አሉ። "እስኪሻገሩ" አልኩ። ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ነው ያሰብኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ሸለቆ እወርዳለሁ። የጥቁር እንጨትና የኮሶ ለጋ ቅርንጫፍ በማጭድ ቆርጬ፣ እንደ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በጀርባዬ አዝዬ መንገዱን ተሻግሬ እወጣለሁ። ቅጠሉ ጤዛው ሳይደርቅ መድረስ አለበት፤ ከጠወለገ ያሸቱትና ይተዉታል። መሬት ላይ ከተጣለ አይነኩትም፤ ግንዱ ላይ፣ ቅርንጫፉ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። ጋሽ ደምሴ ከዛፉ ሥር ይቀመጡና ዳቦ ይዞ የሚመጣውን በከዘራቸው ይመልሳሉ። የታመመ ሽማግሌን የሚዳፈር የለም። የካህን ውግዘት ያላስቆመውን እሳቸው በሳል አስቆሙት።

ጉሬዛዎቹ አገገሙ። ፀጉራቸው መለስ አለ፤ አንዷ ነጭ ግልገል ወለደች። ትልቁ ወንድ እንደገና ጎህ ሲቀድ ማጓራት ጀመረ። ያን ጊዜ እኔና ጋሽ ደምሴ ሥራውን ጀመርን። ቅጠሉን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያደረግን፣ ከዛፍ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ በሩ አጠገብ፣ ከዚያ መሬት ላይ በተከልናቸው እንጨቶች ላይ እናስር ጀመር። መጨረሻ ላይ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሸለቆው የመጀመሪያ ኮሶ ላይ እናስራለን፤ አንዴ ኮሶው ላይ ከወጡ ተርፈዋል። አባም ገብቷቸው ነበር። በሚሻገሩበት ጠዋት ውሾቹን እሳቸው ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ወስደው ቁራሽ ሊያበሏቸው ተስማማን። መኪና የሚያስቆሙ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀይ ጨርቅ ይዘው ቆሙ። በዓል ያልሆነ፣ ንግሥ የሌለበት ተራ ቀን መረጥን።

ጋሽ ደምሴ መውጫው አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ማዶ፣ ኮሶው ሥር ነኝ። በማዶው ቅርንጫፍ ላይ ጤዛ ያለበት ቅጠል ይታያል። ትልቁ ወንድ ወረደ። መሬት ላይ ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጉዞ ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉት፣ አሮጊቷ፣ ግልገል የታቀፈችው፣ ወጣቶቹ፣ አንድ በአንድ ተሰልፈው በበሩ ወጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ነጭ ደርበው፣ ጅራታቸው እንደ ዘርፍ መሬት እየነካ። አምላኬ፣ ምን ዓይነት ውበት ነበር! እኔ ራሴ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነበር።

ከጠበሉ ቤት በኩል የመጡትን ሴቶች ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከሩቅ አገር ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው ገና የደረሱ እንግዶች ናቸው። ማንም አልነገራቸውም። መናኞቹ ተሰልፈው ከቅጥሩ ሲወጡ አዩ። ከመካከላቸው አንዷ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም እልል አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ውሻ እልልታን ያውቃል። እልልታ ሲሰማ ክርስትና ነው፣ ሠርግ ነው፣ ንግሥ ነው፤ ከእልልታ በኋላ ምግብ አለ። የአባን ቁራሽ ጥለው መጡ። ጉሬዛዎቹ በእልልታው ደንግጠው ሰልፋቸው ፈርሷል፤ ከፊሉ ወደ ጽዱ፣ ከፊሉ ወደ መንገዱ። መሬት ላይ እንደ ጥንቸል ይዘላሉ። ሮጥኩ። ድንጋይ ወረወርኩ። የቀን ሠራተኞቹም በቀይ ጨርቃቸው ገቡ። ትልቁ ወንድ ማምለጥ ሲችል ተመልሶ ከውሾቹ መካከል ገባ። ግልገል የታቀፈችው እንደማታመልጥ አውቃ ግልገሏን የምታቀብላት ፈለገች፤ አጠገቧ ማንም አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ከተቀመጡበት በምን ጉልበት እንደተነሡ አላውቅም፤ ከነካፖርታቸው ላይዋ ላይ ወደቁ። ውሻው ክንዳቸውን ነከሰ፤ እሷም ሊያድኗት እንደሆነ ሳታውቅ እጃቸውን ነከሰች። ቀና ስናደርጋቸው እሷ ሞታ ነበር፣ ግልገሉም ሞቶ ነበር፤ ትልቁ ወንድና ወደ ጽዱ የሮጡትም አልተረፉም።

ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። አባ ገብረ ሥላሴ በሩ ላይ ቆመው "ማን ነገራቸው? ማን ነገራቸው?" ይላሉ፤ ማንም እንዳልነገራቸው ነው ማለት የፈለጉት። በማንም ላይ ልጮህ አልቻልኩም። እነዚያ ሴቶች ምን ጥፋት አላቸው? ያዩትን አይተው የሚያውቁትን አደረጉ። ጋሽ ደምሴ መሬት ላይ ተቀምጠው ክንዳቸው እየደማ "ደስታውን ማን ይከለክለዋል፣ አስካለ" አሉኝ። ብዙም አልሰነበቱ፤ ፍልሰታ ሳይገባ ሞቱ። የቀበርናቸው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው።

አንድ ወጣት ወንድ ብቻ ተሻግሮ ኮሶው ላይ ወጥቷል። እየወረድኩ አየዋለሁ። ቅጠሉ እንደ ልቡ ነው፣ የሚቀማው የለም፤ ድኩላዋም ከሥሩ ትቆማለች። ጎህ ሲቀድ ያጓራል፣ ዝም ይልና ያዳምጣል፣ እንደገና ያጓራል። የሚመልስለት አልነበረም። አንድ ክረምት እንዲህ ቆየና ድምፁ ቀረ። የት እንደሄደ አላውቅም። ሪፖርቱ ላይ "በውሻ ጥቃት" ብዬ ጻፍኩ፤ ኃላፊው ፈርሞበት ወደ ችግኝ ጣቢያ አዛወረኝ። እስከ ጡረታዬ ድረስ የባሕር ዛፍ ችግኝ ሳጠጣ ኖርኩ።

በቀደም ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍሬ ነበር። ከአጠገቤ በኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ከፊት ለፊቷ ካለች ልጅ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ስለ ጠበል ነው የምታወራው። ታማ ሰው ተስፋ እንደ ቆረጠባት፣ በዘመዶቿ ተደግፋ እንጦጦ እንደመጣች፣ ገና ከአውቶቡስ ወርዳ ሳትገባ ያየችውን። "በዓይኔ በብረቱ!" አለች። "ጥቁርና ነጭ የለበሱ መናኞች ተሰልፈው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ! መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እልል እንዳልኩ ራሴን ስቼ ወደቅኩ፤ አንሥተው ጠበል ቤት አስገቡኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ያ በሽታ ተመልሶ አልያዘኝም።"

ልጅቷ "እውነት?" እያለች ታዳምጣለች። እኔ በመስኮት አያለሁ።

ሴትዮዋ እንዳዳመጥኩ አስተዋለች መሰል ወደኔ ዞረች። "ያንቺ አገር እንጦጦ ነው፣ እህቴ?"

"እዚያ እሠራ ነበር" አልኳት።

ፊቷ በራ። ክንዴን ያዘችኝ። "ታዲያ አንቺ ታውቂያለሽ! ያን ጊዜ ጠበል ቤት ሆኜ የውሻ ጩኸት ስሰማ ልቤ ፈርቶ ነበር። ዘመዶቼን ብጠይቃቸው አይነግሩኝም፤ ስንት ዘመን ሙሉ በልቤ ይዤው እኖራለሁ። እነዚያ መናኞች ከሚሄዱበት ደረሱ?"

እጇ ክንዴ ላይ ነው። ጤነኛ፣ ሙቅ እጅ ነው።

"ደረሱ" አልኳት።

"ተመስገን!" ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ "ወራጅ አለ" ብዬ ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩ።